ንፋስ የወሰደው በር ጠባቂ

አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ንፋስ አግዞኛል። አትደንግጡ፣ ሰውዬው በዚያን ቀን የሆነ ከተማ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ምሳውን እየበላ ነበር። ነገር ግን በግድባችን ግንብ ላይ «በሥራ ገበታው ላይ ሳለ ለወገኑ ሲል ራሱን አሳልፎ የሰጠ» የሚል የእብነ በረድ ሰሌዳ ተለጥፏል። እዚያ ሰሌዳ ላይ ያለችው ነገር ሁሉ ከኔ አፍ የወጣች ናት። እንዴት እንደወጣች ልንገራችሁ።

ቤታችን የኛ አልነበረም፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ነበር። ሸለቆው ውስጥ ሦስት መንደር አለ፤ የላይኛው፣ የመካከለኛውና የታችኛው። ሦስቱም የሚኖሩት በፖምና በኮክ ዛፍ ነው። ዛፎቹ ደግሞ የሚኖሩት ከቤታችን በላይ ካለችው ግድብ በሚለቀቅላቸው ውሃ ነው። ግድቧ የብረት በር አላት፤ በሩ በመዘውር ይነሳል፣ በመዘውር ይወርዳል፤ ያን መዘውር የሚያዞረው ሰው በር ጠባቂ ይባላል። በር ጠባቂ የሆነ ቤት ይሰጠዋል። ሥራውን የተወ ዕለት እቃውን ሰብስቦ ይወጣል። ደንቡ ላይ «በር ጠባቂው ወንድ ይሆናል» የምትል መስመርም ነበረች። መዘውሩ የሚያዞረው ሰው ወንድ ይሁን ሴት በምን እንደሚለይ እንጃለት።

በር ጠባቂው አባዬ ነበር። ከመዘውሩ አጠገብ አንድ የሐዲድ ቁራጭ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ በመዶሻ ይመታል፤ ውሃ መጣላችሁ ማለት ነው። ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ውሃ ተዘግቷል፣ ቦያችሁን ድፈኑ ማለት ነው። ሰባት ጊዜ ከተመታ ግን የቦይ ነገር አበቃ፤ ልጅህን ብብትህ ስር ወሽቀህ ወደ ዳገቱ ሩጥ ማለት ነው። እኔ እስከማስታውሰው ሰባት ተመቶ አያውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት፣ በጋው ሲገባ፣ አባዬ ለበሩ የሚሆን ጎሚኒ ልግዛ ብሎ በብስክሌቱ ወደ ከተማ ሄደ። ጎሚኒ የምላችሁ በሩ ሲዘጋ ውሃ እንዳያሾልክ ዳር ዳሩን የሚይዘውን ላስቲክ ነው። እኔ እንደማውቀው በማግስቱ ተመልሷል። የነገረችኝ እማዬ ናት።

«አባትሽ መጥቷል፤ ግን ዘንድሮ ውሃው ስላነሰ በሩን ለቅቆ መምጣት አይችልም» አለችኝ። «እዚያው በሩ አጠገብ ካለችው ክፍል ነው የሚያድረው።»

«ሄጄ ልየው?»

«ግድቡ ላይ ልጅ አይወጣም። ታውቂያለሽ።»

ይሄ ድሮም የነበረ ሕግ ስለሆነ አመንኳት።

ደግሞስ ለምን አላምንም? ማታ ማታ በመስኮት አየው ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ ሰፊውን ባርኔጣ ደፍቶ፣ ግንቡ ላይ ወጥቶ መዘውሩን ሲያዞር አያለሁ። በዚያ ሙቀት ካፖርት መልበሱ አልገረመኝም፤ አባዬ ሥራ ሲታሰብ ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ነበር። ሐዲዱን ሦስቴ ይመታል። ከዚያ ዞር ብሎ ወደ መስኮታችን ያያል፤ ከላይኛው መደርደሪያ እቃ እንደሚያወርድ ሰው ክርኑን አስቀድሞ፣ ቀስ አድርጎ እጁን ያነሳልኛል። እኔም በሁለት እጄ እመልስለታለሁ። እማዬ ይሄን አይታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት እርሾ ልትበደር እትዬ ራዲዮ ቤት ትሄዳለች።

እትዬ ራዲዮ የመካከለኛው መንደር ዳቦ ጋጋሪ ናት። ስሟን ያገኘችው ባትሪዋ ስለማያልቅ ነው።

አሁን ሳስበው፣ በየቀኑ ማታ እርሾ የሚያልቅበት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? እርሾ ልትበደር የሄደች ሴት መዳፏ ዝገት በዝገት ሆኖ፣ ጸጉሯ በላብ ተጣብቆ ትመለሳለች? እርሾውስ የታለ? ያኔ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። አባዬ ከቤት ከወጣ ወዲህ ጥሩ አባት ሆኗል፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነበር። እቤት ሳለ «ሚጡ፣ ጫማዬን አምጪ፤ ሚጡ፣ ከፊቴ ዞር በይ» ከሚሉት ሁለቱ ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አሁን ግን ኮክ ይልክልኛል። እማዬ ከኪሷ አውጥታ «አባትሽ ነው የላከልሽ» ትለኛለች፤ ኮኩ ሞቅ ያለ ነው፣ የካፖርት ኪስ ይሸታል። ሰው ቤቱን ለቅቆ ሲወጣ እንዲህ የሚሻሻል ከሆነ የሁሉም ልጆች አባቶች ለምን ግድብ ላይ አያድሩም እያልኩ አስብ ነበር።

ይሄንኑ ለሰውም እናገራለሁ። ዳቦ ልገዛ ስሄድ እትዬ ራዲዮ ቤት የማይጠፋ ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ ደንበኛ ከሌለው እዚያ ነው፤ ደንበኛም ካለው እዚያ ነው።

«ሚጡ፣ አባትሽ እንዴት ነው?» ይለኛል ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ደህና ነው ጋሼ። ትናንት ኮክ ላከልኝ።»

«አዬ፣ እጁ ይባረክ! በሰዓቱም እየደወለ ነው ዘንድሮ።»

«አዎ፤ በጣም ጎበዝ ሆኗል።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስለዋል። እትዬ ራዲዮ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ የዱቄቱ ብናኝ ነው እል ነበር። ከዚያ ሳልጠይቃት አንድ ዳቦ ትመርቅልኛለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «እንቺ፣ ለእናትሽም ስጫት» ትለኛለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ያ ጆሮ የኔ ነበር።

ንፋሱ የመጣው በበጋው መጨረሻ፣ ፖሙ ሊለቀም አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከምሳ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ወፎቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ በሸለቆው ራስ በኩል ሰማዩ ቡናማ ሆነ፤ ከተራራው ማዶ አንድ ሰው ምንጣፍ የሚያራግፍ መሰለኝ። ከዚያ ቤታችን በአንዴ ተንገጫገጨ። መስኮቱ ዝግ ሆኖ ጥርሴ ውስጥ አሸዋ ገባ። እማዬ በየሳምንቱ አጥባ የምታሰጣቸው የአባዬ ሸሚዞች ከገመዱ ተፈትተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ተከታትለው ወደ ታችኛው መንደር በረሩ። አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ከነምስማሩ እያፏጨ በላያችን አለፈ። የኛ አውራ ዶሮ ወደ ፊት እየተራመደ ወደ ኋላ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኩራቱ ግን ቅንጣት አልቀነሰም።

ያ ሁሉ ፖም ሲረግፍ የሚሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፤ ከላይኛው መንደር ጀምሮ እስከ ታች። የዓመት ልፋት እንደዚያ ነው የሚወድቀው።

እማዬ በሩን ይዛ ወደ ግድቡ ታያለች። ንፋሱ ከሸለቆው ራስ ግዙፍ ግዙፍ ዛፎችን ነቅሎ ግድቧ ውስጥ ጥሏቸዋል፤ ዛፎቹ ተግበስብሰው የውሃ መውጫውን ደፍነውታል፤ ውሃውን ደግሞ ንፋሱ ከኋላ እየገፋ በግንቡ አናት ላይ ያንቆረቁረዋል። ግንቡ የአያት ቅድመ አያት ግንብ ነው። እሱ ከተናደ የታችኛው መንደር የለም።

«ከዚህ መስኮት ንቅንቅ ብትይ ወየውልሽ!» አለችኝ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«አባትሽን ላግዘው!» አለችና ሮጠች።

ስለዚህ እኔ በመስኮት ሳይ ሁለት ሰው ነበር የምጠብቀው። መጀመሪያ አቧራ ብቻ አየሁ። ከዚያ አባዬ ወጣ፤ ካፖርቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ። ጎንበስ ብሎ፣ ግንቡን በእጁ እየዳበሰ ሐዲዱ ጋ ደረሰና መታው። ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ ያቆማል ስል አላቆመም። ሰባት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሰባት። በታችኛው መንደር በኩል ሰዎች እንደ ጉንዳን ከየቤቱ ሲፈሱ ታየኝ፤ ወደ ዳገቱ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ሽማግሌ በጋሪ የሚገፋ።

አባዬ ወደ ማፍሰሻው በር ሄደ። ማፍሰሻው ውሃውን ወደ አሮጌው የወንዝ መሄጃ፣ ሰው ወደሌለበት የሚለቅ ሁለተኛ በር ነው፤ ለዓመታት ስላልተነካ መዘውሩ ዝጓል። ተንጠላጠለበት። አልዞረም። ትከሻውን አስገብቶ ገፋው። አልዞረም። «በለው አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። በዚህ መሃል ሌላ የአቧራ ግድግዳ መጣና ሁሉንም ዋጠው። ከአቧራው ውስጥ ባርኔጣው ብቻ ወጣ፤ እየተሽከረከረ፣ ከፍ እያለ፣ ከቤታችን በላይ አልፎ ሄደ።

አቧራው ሲገለጥ አባዬ የለም። በሱ ቦታ እማዬ ቆማለች። የአባዬን ካፖርት ለብሳለች፤ ጸጉሯ ተበትኖ ፊቷን ይገርፋታል። መዘውሩን በጉልበቷ፣ በሆዷ፣ በማላውቀው ነገሯ ታዞራለች። እየዞረላትም ነው።

የስምንት ዓመት ልጅ ሞኝ አይደለችም፤ ሒሳብ ታውቃለች። ሁለት ሰው ነበር፤ አንድ ቀረ። ካፖርቱ አለ፤ ባለቤቱ የለም። ንፋሱ አባዬን ከነባርኔጣው ከካፖርቱ ውስጥ ምዝዝ አድርጎ ወስዶታል፤ እማዬም የቀረውን ካፖርት ለብሳ ሥራውን ጨርሳለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ዛሬም ቢጠይቁኝ አላገኝም።

በዚያ ማዕበል መሃል ያን ካፖርትና ባርኔጣ ለመልበስ ጊዜ ያጠፋችው ለምን እንደሆነ ካደግኩ በኋላ ጠይቄያታለሁ። «ሰው ሁሉ ወደ ግድቡ እንደሚያይ አውቃለሁ» አለችኝ። «ቤቱን ማጣት አልቻልኩም። አንቺን ይዤ የት ልግባ?»

ንፋሱ ጀንበር ሳትጠልቅ አለፈ። ከመቶ በላይ ጣሪያ ሄዷል፤ ከአሥር ፖም ዘጠኙ መሬት ላይ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ከላይኛው መንደር ተነስቶ የታችኛው መንደር የአሳማ ጋጣ ውስጥ ተገኝቷል። ግንቡ ግን ቆመ። በሦስቱም መንደር አንድ ሰው አልሞተም። ከአባዬ በቀር።

ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። እማዬ ንፋሱ ያስደነገጠኝ መሰላት። እኔ ደግሞ እሷም እያወቀች ለኔ ብላ ችላ የያዘችው መስሎኝ ዝም አልኩ። «አባዬስ?» ስላት፣ «ደህና ነው፤ በሩን እየጠገነ ነው» ትለኛለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ዋሸችኝ ብዬ ያዘንኩት ያኔ ነው። እሷ ደግሞ በብርድ ልብሱ ስር የማለቅሰውን ስትሰማ መጥታ አቅፋኝ ትተኛለች፤ የተላጠው መዳፏ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ይሻክራል።

በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣ። ቀጭን፣ አቧራ ሲነካው የሚያስነጥሰው ሰው ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሸለቆው ሌላ ነገር አልነበረውም። ማኅደሩን በብብቱ፣ አንድ ባርኔጣ በእጁ ይዞ ገባ። የአባዬ ባርኔጣ ነው፤ የታችኛው መንደር ኮክ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ነው ያገኙት። ከኋላው ግማሽ መንደር ተከትሎት ገባ። ጸጉር አስተካካዩ አለ፣ እትዬ ራዲዮ አለች፣ ሌላው በመስኮት ተንጠልጥሏል። እኔ ጠረጴዛው ስር ነኝ።

«በር ጠባቂውን ጥሩልኝ» አለ ተቆጣጣሪው። «ማፍሰሻውን ባይከፍት ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነበር። ላመሰግነው እፈልጋለሁ። ፊርማውም ያስፈልገኛል።»

«ወጣ ብሏል» አለች እማዬ።

«አሁን፣ አሁን!» አለ ጸጉር አስተካካዩ። «ጸጉሩን ቆርጬው ወደ ላይ ሄደ።»

እኩል ከሱ ጋር አፏን ከፍታ እትዬ ራዲዮ፣ «ወደ ታች ሲወርድ አየሁት!» አለች።

ተቆጣጣሪው አስነጠሰው። «ይማርህ» አለው ቤቱ በሙሉ፣ እንዲያ በአንድ ድምፅ የሚስማሙበት ነገር በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ ባርኔጣውን እያገላበጠ። «እኔ ከተሾምኩ ወዲህ አይቼው አላውቅም።»

«መለሎ ነው!» አለ አንዱ ከመስኮት።

«መለሎ ሲሉት እንኳ ወደ አጭርነቱ ነው» አለች እትዬ ራዲዮ። «ሥራ ሲሠራ ግን ረዘም ይላል።»

«እና አሁን የት ሄደ?»

እትዬ ራዲዮ ዝምታ አትችልም። «ጎሚኒ ሊገዛ» አለች።

የቤቱ ሰው ሁሉ ሳል ያዘው። በዚያ ቤት ውስጥ በዚያን ቀን የተነገረው አንድ እውነት እሱ ብቻ ነበር።

ተቆጣጣሪው ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ለእናቴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ፤ እኔ ግን ስሩ ነበርኩ፤ ሰማሁ። «እመቤት፣ እስከ ነገ ጠዋት ሰውየውን ካላየሁት በሩ ጠባቂ የለውም ብዬ መጻፌ ነው። ከዚያ ቤቱን ለሚመጣው ሰው ማስረከብ ግዴታዬ ነው። ገብቶዎታል?»

ከጠረጴዛው ስር የሚታየኝ የእማዬ እግር ብቻ ነበር፤ ጣቶቿ ነጠላ ጫማዋ ላይ ተሰበሰቡ።

እዚህ ላይ አልቻልኩም። ያ ሁሉ ሰው አባቴ ሞቶ እያለ እንደ ቀልድ ይዋሻል! ጠረጴዛውን በራሴ መትቼ ወጣሁ።

«ውሸታሞች!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ የትም አልሄደም! አባዬን ንፋስ ወሰደው! በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰባቴ መታና፣ መዘውሩን ሲገፋ ንፋሱ መጣና ወሰደው! ካፖርቱ ብቻ ቀረ! እማዬም ለብሳው ጨረሰችለት! እጁን እንኳ ሳያነሳልኝ...»

ከዚያ በኋላ ያለውን ለቅሶ ዋጠው።

ከዚያ እትዬ ራዲዮ፣ እድሜ ይስጣት፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ወርውራ ደረቷን ደለቀች።

«ወይኔ በር ጠባቂያችን! ወይኔ ጀግናው! ደብቀን፣ ለልጅቷ ብለን ደብቀን! አልቻልንም፤ ይኸው አወጣችው!»

ጸጉር አስተካካዩ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔም ለዚህ ነው ጸጉሩን ቆረጥኩት ያልኩት» አለ፤ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ባይሆንም ማንም አልጠየቀውም። በመስኮት ያሉት ለቅሶውን ተቀበሉ፤ ለቅሶው ወደ ግቢ ወጣ፣ ወደ መንገድ ወረደ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የታችኛው መንደር ሳይቀር አባቴን እያለቀሰ ነበር። እማዬ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ኋላ እንደነገረችኝ ግማሹ ሳቅ ነበር። ግማሹ ምን እንደነበር አልጠየቅኳትም።

ተቆጣጣሪው ብቻ አላለቀሰም። ባርኔጣውን ገልብጦ ውስጡን አየ። ከዚያ ከገበሩ ውስጥ ሁለት የሴት ጸጉር መያዣ ነቅሎ አወጣና፣ አንዱን ካንዱ አጠገብ አስተካክሎ፣ በዝምታ እናቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ተያዩ። እኔ ስጦታ ሰጣት ብዬ ደነገጥኩ፤ የአባዬ ሬሳ ሳይገኝ ሊያገባት ነው ብዬ በልቤ ረገምኩት።

«በደንቡ መሠረት» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በር ጠባቂው በሥራ ላይ ከሞተ ተተኪ እስኪመጣ ድረስ ሥራውንም ቤቱንም የምትይዘው ሚስቱ ናት። ተተኪ እንዲላክ ደብዳቤ እጽፋለሁ።» እንደገና አስነጠሰው። «ደብዳቤ ደግሞ አንዳንዴ ይዘገያል።»

ካደግኩ በኋላ እዚያው መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ፤ «ወንድ ይሆናል» የምትለውን መስመር ያሰረዝኩትም እኔ ነኝ። መዝገብ ቤት ገብቼ ሪፖርቱን አነበብኩት። «የሟች ባርኔጣ ተገኝቷል፤ ውስጡ ምንም የለም» ይላል። ተተኪ ይላክልን የሚለው ደብዳቤ ደግሞ ከነፖስታው እዚያው ማኅደር ውስጥ፣ ቴምብር እንኳ ሳይለጠፍበት፣ ተጋድሞ አገኘሁት።

ሰሌዳው በሁለተኛው ወር ተለጠፈ። ሦስቱም መንደር ተሰበሰበ፤ ጸጉር አስተካካዩ ንግግር አደረገ። ሰዉ ስለ አባቴ ሊያወራ አፉን ሲከፍት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ ይጀምርና ሳቁን አፍኖ ይቀመጣል። እኔ ያን ሁሉ ሰው ሲያንቀው የነበረው ሐዘን መስሎኝ ሁሉንም በልቤ አመሰገንኩ።

አሁን የምነግራችሁ የሚያሳፍረኝን ነው።

እማዬ ከዚያ በኋላ ሥራውን በግልጽ ያዘች፤ በራሷ ቀሚስ፣ በራሷ ሻርፕ። እርሾም መበደር ቀረ። እኔ ማታ ማታ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፤ ከልማዴ። አንድ ቀን ሐዲዱን ሦስቴ መታችና ዞር ስትል አየችኝ። ቆመች። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ እቃ እንደሚያወርድ ሰው ክርኗን አስቀድማ፣ ቀስ አድርጋ እጇን አነሳችልኝ።

መስኮቱን በርግጄ፣ «አባዬን አታስመስይ!» ብዬ ጮህኩባት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አወረደችው፤ እንደማያስፈልግ ነገር በቀሚሷ ጠረገችው። ስትገባም ፊቴን አጥባ አስተኛችኝ። ከዚያ ወዲያ እጇን አንስታልኝ አታውቅም።

እውነቱን የሰማሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ነው። እትዬ ራዲዮ እስከዚያ ድረስ አፏን መያዟ ራሱ ሰሌዳ ያስለጥፋል።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አልኳት።

«ኧረ ሚጡ፣ በሳምንቱ ነው ያወቅነው! አባትሽ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደውሎ ያውቃል እንዴ? ሲሻው በአንድ ሰዓት፣ ሲሻው በሁለት። ከእንቅልፉ ሲነሳ ነበር የኛ ጠዋት። እና ድንገት በሰዓቱ፣ በሰዓቱ መደወል ጀመረ። እኔ ዱቄቱን ትቼ ወጣሁ፤ ጸጉር አስተካካዩም ሳሙና የተቀባ ሰው ትቶ ወጣ፤ ተያየን። ‹ሰውዬው ሄዷል› አለኝ። ‹ተመስገን፤ አሁን ውሃ እናገኛለን› አልኩት። ማን ይናገራል? ሞኝ ነን?»

እንግዲህ በዚያ ሁሉ ማታ እጁን ሲያነሳልኝ የነበረውን ሰው ሞተ ብዬ ሳለቅስለት፣ ሰውየው አጠገቤ ተቀምጦ አፍንጫዬን ይጠርግልኝ ነበር። ወደ ቤት ሄጄ ይቅርታ ልላት አሰብኩ። በአሥራ ሦስት ዓመት ግን ሰው ይቅርታ አይልም፤ በር ይዘጋል። ከዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ።

ንፋሱ ካለፈ በሃያኛ ዓመቱ ሟቹ በአውቶቡስ መጣ።

እኔ ለእረፍት እናቴ ጋ ነበርኩ። በቅድሚያ ያየው ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ ምላጩ ከእጁ ወደቀ። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ሟች» አለው። ከዚያ አስከትሎት ወደ ግድቡ መጣ። ሽማግሌ ሆኗል፣ ጥርስ ጎድሎታል፣ ጫማው ግን ተወልውሏል። ሰሌዳው ፊት ቆሞ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ መሐረቡን አውጥቶ አለቀሰ።

«አይ» አለ፣ «ትልቅ ሰው ነበርኩ!»

እማዬ መዘውሩን ቅባት ስትቀባ ነበር። እጇን በጨርቅ ጠረገችና ወደሱ መጣች፤ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጎሚኒውስ?» አለችው።

ሰውዬው ኪሱን ዳበሰ። እውነቴን ነው፣ ዳበሰ። «የቱ ጎሚኒ?»

«ልትገዛ የሄድከው።»

ምሳ አበላችው፤ እናቴ ሰው አስርባ አትሸኝም። ሲበላ እኔን ያየኛል። «ሚጡ፣ ታስታውሽኛለሽ?» አለኝ።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ልፈትነው ይሆናል። «ማታ ማታ ግንቡ ላይ ቆመው እጅዎን ያነሱልኝ ነበር» አልኩት።

«አዎ!» አለ ፊቱ በርቶ። «አዎ፣ አዎ! እንዴት እረሳዋለሁ! ሁሌ አነሳልሽ ነበር።»

እማዬ ዓይኗን ከሳህኗ አላነሳችም። «አውቶቡሱ በአሥር ሰዓት ነው የሚነሳው» አለችው። ውሃ አስያዘችው፣ ዳቦ ጠቀለለችለት። ጸጉር አስተካካዩ እስከ መንገድ ሸኘው፤ ከሞተ ሰው ጋር መታየት ያሳፍራል እያለ ትንሽ ራቅ ብሎ።

እኔ ወደ እማዬ ዞርኩ። «ያን ሰሌዳ ዛሬ አውርጄ እሰብረዋለሁ!» አልኳት። «ያንቺን ስም ነው የማስጽፈው! አሁንም አንቺ የሠራሽውን ነው ይዞ የሄደው፤ ሰማሽው አይደል? እጅ ማንሳቱን እንኳ!»

«ተዪው» አለች እማዬ ካፖርቷን እያነሳች። «በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ቦታው ሳይጠፋ ሃያ ዓመት ቆሟል። ምን አስቸኮለሽ?»

ሳቋን ሳትጨርስ ወደ ግድቡ ወጣች። እኔ ቤት ቀረሁ። ሐዲዱ ሦስቴ ተመታ፤ ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት። መስኮቱን ከፈትኩና እስክትዞር ጠበቅኩ። ስትዞር ሁለቱንም እጆቼን፣ እንደ ስምንት ዓመቴ፣ አነሳሁላት።

ቆመች። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አየች። ማንም የለም። ከዚያ ክርኗን አስቀድማ፣ ቀስ አድርጋ እጇን አነሳችልኝ።

«ይቅርታ እማዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን?» አለች እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ። «አልሰማሁም፤ ንፋሱ ወሰደው!»